አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ፦ በድሬዳዋ ገጠር ውሃ ለማውጣት ገንዘብ ለምታዋጡ

ከድሬዳዋ ከተማ ውጭ ካሉት 38 የገጠር ቀበሌዎች ለአንዱ «ውሃ እናውጣ» ብሎ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሁሉ፣ ውጭ አገር ያለ ተወላጅ ይሁን፣ የመሥሪያ ቤት ማኅበር ይሁን፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ መጨረሻ ላይ በሚቀርብለት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ አንድ ስም ማየቱ አይቀርም፦ አፍሪዴቭ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ከአምስት አራት ይገባዋል። በእርዳታ ተጠቅልሎ የሚመጣበት መንገድ ግን ከሁለት አያልፍም። «ፓምፑ ተበላሸ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ይኸኛው ነው።

መጀመሪያ ለየትኛው ጉድጓድ እንደሚሆን። ከተማውን የሚያጠጡት የሳቢያን ጉድጓዶች ጥልቅ ናቸው፤ ሥራቸውም የሞተር ነው። አፍሪዴቭ የሚሆነው ውሃው ከ10 እስከ 45 ሜትር ባለው ጥልቀት ለሚገኝበት ቦታ ነው፤ በእኛ አካባቢ ይህ በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ መስለው ክረምት ሲመጣ በሚያገሱት አሸዋማ ወንዞች ዳር ዳር ነው። (የሰፈሩ ስም «ለገ» ብሎ ከጀመረ፣ እንደ ለገሃሬና ለገኦዳ፣ ቃሉ በኦሮምኛ ወንዝ ነውና ነገሩን ስሙ ራሱ ይናገራል።) ነገር ግን ዳር ማለት አፋፍ ማለት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ያደረገውን ያየ ከተማ ጉድጓድ የት እንደማይቆፈር ሊመከር አይገባውም ነበር። የጎርፉን ምልክት ሽማግሌ ጠይቆ፣ ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ መቆፈር ነው።

አፍሪዴቭ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በማላዊና በኬንያ እየተሞከረ የተሠራ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ፓምፖች ሲሰበሩ መኪና፣ ክሬን ወይም ባለሦስት እግር ማንሻ፣ እንዲሁም ከከተማ የሚመጣ ቡድን ይፈልጉ ነበር። የአፍሪዴቭ ሐሳብ ግን የመንደሩ ሰው ራሱ ፈትቶ ራሱ እንዲጠግነው ነው። ንድፉም የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንኛውም ፋብሪካ ሊያመርተው ይችላል። ይህ በረከትም መዘዝም አለው፤ ወደ መዘዙ ኋላ እንመለሳለን።

አሠራሩን ማወቅ ገንዘብ ለሚሰጠውም ይጠቅማል። መሬት ውስጥ 63 ሚሊሜትር የውጭ ስፋት ያለው የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቱቦ በማጣበቂያ እየተቀጠለ ይወርዳል። ጫፉ ላይ 50 ሚሊሜትር ውስጠ ስፋት ያለው ሲሊንደር አለ፤ ውስጡ ፒስተን፣ ከፒስተኑ በታች ደግሞ የታችኛው ቫልቭ። ፒስተኑን ከእጀታው ጋር የሚያገናኙት ሦስት ሦስት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ዘንጎች በመንጠቆ ይያያዛሉ፤ ያለ ቁልፍ በእጅ ይፈታሉ። የፓምፑ ብልኃት የመውጫ ቱቦው ከሲሊንደሩ የሚሰፋ መሆኑ ነው። ፒስተኑም የታችኛው ቫልቭም በቱቦው ውስጥ ተስበው ይወጣሉ፤ ቱቦው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ 19 ቁጥር ቁልፍና ከፓምፑ ጋር የሚመጣው ማጥመጃ መንጠቆ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። እጀታውም የሚዞረው በብረት ኩሽኔታ ላይ ሳይሆን በእጅ በሚቀየር የፕላስቲክ ቡሽ (ቀለበት መሰል ማረፊያ) ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ፤ ብዙ ሪፖርት የሚዋሸው እዚህ ላይ ነውና። እጀታው ሙሉ ለሙሉ ሲሠራ ፒስተኑ 22.5 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። በ50 ሚሊሜትር ሲሊንደር ይህ በአንድ ግፊት 0.44 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 45 ሙሉ ግፊት ማለት ነው፣ ምንም ሳያፈስ። ውሃው በ10 ሜትር ላይ ሲሆን በሰዓት 1.4 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል፤ በ20 ሜትር ወደ 0.9፣ በ30 ሜትር ወደ 0.7 ይወርዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጥልቀቱ ሲጨምር ክንድ ይደክማል፣ ግፊት ይቀንሳል።

የ30 ሜትሩን ውሰዱ። ቀኑን 8 ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢሠራ 5,600 ሊትር ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው የገጠር መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። 5,600 ለ25 ሲካፈል 224 ሰው። የምረቃው ሰሌዳ ላይ ግን «500 ተጠቃሚ» ተብሎ ይጻፋል። 500 ሰው ከዚያ ፓምፕ ቢቀዳ ለእያንዳንዱ 11 ሊትር ይደርሰዋል፤ ፓምፑም ከጎህ እስከ ምሽት ስለማያርፍ የፒስተኑ ጎሚኒ (ውሃ በዳሩ እንዳያመልጥ የሚዘጋው ጎማ) የዓመቱን ድካም በወራት ይጨርሳል። ተረጂ ማብዛት ለጋሹን ያስደስታል፤ ፓምፑን ግን ይገድለዋል። ሰሌዳው ላይ የምታስጽፉትን ቁጥር በጥልቀቱ አስልታችሁ አስጽፉ፤ ቀበሌው 500 ሰው ካለው በዚህ ጥልቀት ጉድጓዱ ሦስት ይሁን።

ምን ይበላሻል? አንደኛ፣ የፒስተኑ ጎሚኒ። ሁለተኛ፣ በፒስተኑና በታችኛው ቫልቭ ውስጥ ያሉት ቦቢን የሚባሉ ትናንሽ ጎማዎች፣ ከኦሪንጉ (ከቀለበት ጎማው) ጋር። ሦስተኛ፣ የእጀታው ቡሾች። እነዚህ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢሠሩም ባይሠሩም፣ መቀየር አለባቸው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቡሎኖቹን ማጥበቅ፤ ላላ ብሎ የከረመ ቡሎን ቀዳዳውን አስፍቶ ከራሱ አልፎ የፓምፑን ራስ ያበላሻል። በእኛ አካባቢ ከሁሉ የከፋው ጠላት አሸዋ ነው። የወንዝ ዳር ጉድጓድ ደቃቅ አሸዋ ያመጣል፤ አሸዋ ጎሚኒውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መድኃኒቱ ፓምፑ ላይ ሳይሆን ጉድጓዱ ላይ ነው፦ የውሃ መግቢያው ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከወለሉ ላይ ንጹሕ ጠጠር ይነጠፍ፣ ከመመረቁ በፊት ውሃው እስኪጠራ ድረስ በሞተር ይቀዳ። ይህን የመጨረሻውን ሥራ ተቋራጮች ይዘሉታል፤ የነዳጅ ወጪ ነውና።

ሌላው የድሬ ጉድ ጠንካራው ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የድሬዳዋ ሰው የለም። ለጤና ክፉ አይደለም፤ ሳሙና ግን አያስነሳም። ስለዚህ ሴቶች ለመጠጥ ከፓምፑ ቀድተው ለልብስ ወደ ወንዙ ቢወርዱ «አስተሳሰባቸው አልተለወጠም» ብሎ ሥልጠና ማዘጋጀት ከንቱ ነው። ፒቪሲው ቱቦ አይዝግም፤ ይህ አፍሪዴቭ በብረት ቱቦ ከሚሠሩት የሚሻልበት ትልቁ ነጥብ ነው።

ፓምፑ መድከሙን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። ሁለት ፈተና ይበቃል። ውሃ እስኪወጣ ከተቀዳ በኋላ 30 ደቂቃ ይረፍ፤ እንደገና ሲገፋ ውሃ ለመውጣት ከ5 ግፊት በላይ ከፈለገ ወይ የታችኛው ቫልቭ ወይ የቱቦው መገጣጠሚያ ያፈስሳል። ቀጥሎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 40 ሙሉ ግፊት ተደርጎ ውሃው በባልዲ ይለካ፤ ከ10 ሊትር ካነሰ ጎሚኒው አልቋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 5 እና 10፣ ፓምፑ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በቀለም ማስጻፍ ከለጋሹ ዓርማ የበለጠ ይጠቅማል። ልጆች አጭርና ፈጣን ግፊት ይወዳሉ፤ ውሃው ትንሽ ይሆናል፣ ቡሹም አንድ ወገኑ ብቻ ይበላል። ረጅም፣ ዝግ ያለ ግፊት ነው የሚፈለገው።

አተካከሉ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። የፒቪሲ ማጣበቂያ በቀትር ገና ሳይጋጠም ይደርቃል፤ ከላይ የተያያዘ ይመስላል፣ ክብደት ሲያርፍበት ይለቃል። ሥራው ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ ይለቅ። ጫፎቹ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ተደርገው ይጠረጉ፣ ማጣበቂያው በሁለቱም ወገን ይቀባ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳይሞላ ቱቦው አይውረድ። ያለበለዚያ የተለቀቀው ቱቦ ሲሊንደሩን ይዞ ጉድጓዱ ወለል ላይ ያርፋል፤ ያን ማውጣት ከመንደሩ አቅም በላይ ነው። ቱቦዎቹ ለሳምንታት ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ከነበረም አትቀበሉ፤ ፒቪሲ በፀሐይ ተሰባሪ ይሆናል። የጉድጓዱ ዙሪያ ሊሾ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ ይክረም፤ ግመልና ፍየል የሚጠጡበት ገንዳም ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ፣ ወደ ታች ባለው ወገን ይሠራ።

ከተከላ በኋላ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታጠባል። ሒሳቡ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ጉድጓዱ 1.2 ሜትር ስፋት፣ ውሃው 3 ሜትር ከፍታ ካለው 3,400 ሊትር ያህል ነው፤ 170 ግራም ንጹሕ ክሎሪን፣ 65 በመቶ ክሎሪን ባለው ዱቄት ደግሞ 260 ግራም። በባልዲ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስ፣ ፓምፑን የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ መግፋት፣ 12 ሰዓት መዝጋት፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ቀድቶ መድፋት።

እስካሁን ያልነው ስለ ዕቃው ነው። አሁን ከአምስት ከሁለት አያልፍም ወዳልነው፣ ወደ እርዳታው መንገድ እንምጣ።

የገጠር ውሃ አቅርቦት ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ግምት ከሰሃራ በታች ካሉት የእጅ ፓምፖች 36 በመቶው አይሠሩም ነበር። ከሦስት አንዱ መሆኑ ነው። ብረቱ ደህና ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ለምን? ጎሚኒውና ቦቢኑ ከፓምፑ ሁሉ ርካሹ ክፍሎች ናቸው፤ በጀት ውስጥ የማይገቡትም እነሱ ናቸው። ለጋሹ የሚቆጥረው የተከለውን ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚቆጥር የለም። ጎሚኒ ለማግኘት አንድ የውሃ ኮሚቴ አባል ከመንደሩ ወደ ከተማ መውረድ፣ ቀፊራና አሸዋ ገበያ ዞሮ ማጣት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መደወል ሊኖርበት ይችላል። ነገሩ የሚያስቀው፣ ከሕንድ ተነስቶ በጅቡቲ የገባው ዕቃ በባቡር ከመጣ የድሬዳዋን ጣቢያ በአጠገባችን አልፎ ሞጆ ይወርዳል፤ ጎሚኒዋ በኋላ በአውቶቡስ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

ሁለተኛው በሽታ እያንዳንዱ ለጋሽ የየራሱን ፓምፕ ይዞ መምጣቱ ነው። አንድ ቀበሌ አፍሪዴቭ፣ ጎረቤቱ ኢንዲያ ማርክ፣ ሦስተኛው ሌላ ዓይነት ከሆነ የሦስቱንም መለዋወጫ ይዞ የሚያዋጣው ነጋዴ አይኖርም፤ የአንዱ ጎሚኒ ለሌላው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለጋሾችና ተቀባይ አገሮች በፓሪስ የተፈራረሙት መግለጫ፣ በ2008 በአክራና በ2011 በቡሳን የተደገመው፣ ትልቁ ቃሉ ይኸው ነበር፦ ዕቅዱ የተቀባዩ ይሁን፣ ለጋሾች ይቀናጁ፣ በአገሩ አሠራር ይጠቀሙ። በአዳራሽ ቋንቋ ሲነገር ይከብዳል፤ ወደ መንደር ሲወርድ «በአካባቢው ያለውን ዓይነት ፓምፕ ግዛ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ዋን ዋሽ የተባለው ብሔራዊ የውሃና የንጽሕና ፕሮግራም የትልልቆቹን ለጋሾች ገንዘብ በአንድ ቋት ለማሰባሰብ ሞክሯል። የመንግሥት በጀት ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ የሚፈሰው፣ በፋይናንስ ሰዎች አነጋገር «ቻናል ሦስት» የሚባለው ገንዘብ ግን ከዚያ ውጭ ነው። የተወላጅ መዋጮም ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የአስተዳደሩን ውሃ ቢሮ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዚያ ክላስተር (የቀበሌዎች ስብስብ) የትኛው ፓምፕ ይበዛል? የምታስተክሉት ጉድጓድ በቢሮው መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል ወይ? መዝገብ ላይ የሌለ ጉድጓድ ሲበላሽ ጠጋኝ አይላክለትም።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያ ነገር ነው። የብዙ ድርጅቶች በጀት በታኅሣሥ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ገንዘቡ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ቁፋሮው በጥቅምትና በኅዳር ይጣደፋል፣ ክረምቱ ያጠገበው ውሃ ገና ከፍ ብሎ ሳለ። ቆፋሪው 14 ሜትር ላይ ውሃ አገኘሁ ብሎ ያቆማል፤ በየካቲት ውሃው ወርዶ ፓምፑ አየር ይስባል። «ፓምፑ ተበላሸ» ይባላል። ፓምፑ ምን ያድርግ? ጉድጓዱ በየካቲት ይቆፈር፤ ካልሆነም በየካቲት የሚወርድበትን ያህል ተጨማሪ ሜትር በውሉ ይግባ። ለጋሹ የበጀት መዝጊያውን ቢያራዝም የሚጎዳው ነገር የለም።

ኮሚቴውን በተመለከተ አጭር ነገር። ሥልጠናው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ ግማሹ ባክኗል፤ በእነዚህ ቀበሌዎች የሚነገረው ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው። (ቢዮ አዋሌ የሚለው የቦታ ስም ራሱ «ቢዮ» ብሎ በሶማልኛ ውሃን ይጠራል።) ፈትቶ መግጠሙን የሚማሩት ሰዎች ውስጥ ሴቶች ይኑሩበት፤ ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ ከተማ ይወርዳሉ፣ ውሃ የሚቀዱት ግን እዚያው ናቸው። የመለዋወጫው ሣጥን ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይሁን። የጀሪካኑ ክፍያ ደግሞ ከዓመቱ የመለዋወጫ ዋጋ ተነስቶ ይሰላ፤ ዝም ብሎ «አንድ ብር ይበቃል» ተብሎ አይወሰን። የዕቃው ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ስለሚንቀሳቀስ በየዓመቱ መከለስ አለበት።

ንድፉ የማንም አለመሆኑ መዘዝም አለው ብለን ነበር። ማንም ሊያመርተው ስለሚችል ደካማውም ይመረታል። ጨረታ በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ሲታይ ስስ ቱቦና ተራ ብረት ዘንግ ይመጣል። የቱቦውን ግድግዳ ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ። ዘንጉ አይዝጌ ብረት ነው ከተባለ ማግኔት አስጠጉ፤ አጥብቆ ከያዘ ተጠራጠሩ። ባይይዝ ግን ጥራቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ርካሽ የአይዝጌ ዓይነትም በማግኔት አይሳብም። ከአንድ ፓምፕ በላይ የምትገዙ ከሆነ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ እንዲፈተሽ በውሉ አስገቡ።

ኢንዲያ ማርክ ሁለት ጠንካራ ነው፤ ግን የብረት ቱቦውን ለማውጣት ብዙ ጉልበትና ማንሻ ይፈልጋል፣ ውሃው ብረት የሚበላ ከሆነ ይዝጋል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሞተር ለብዙ ሕዝብ ይሻላል፤ ሲቆም ግን የመንደር ሰው አይጠግነውም። ውሃ በቦቴ ማመላለስ የድርቅ ወር መፍትሔ ነው፣ የዓመት አይደለም። ከ45 ሜትር በላይ ከሆነ አፍሪዴቭን አትግዙ፤ ሻጩ «ይሠራል» ቢላችሁም።

ለገዢ የምንመክረው ውል እንዲህ ያለ ነው። ከፓምፑ ጋር ለሦስት ዓመት የሚበቃ ጎሚኒ፣ ቦቢን፣ ኦሪንግና ቡሽ፣ ሁለት ማጥመጃ መንጠቆና ሁለት 19 ቁጥር ቁልፍ በአንድ ሣጥን ይቅረብ። የኮሚቴው አባላት በተቋራጩ ፊት ፒስተኑንና የታችኛውን ቫልቭ አንድ ጊዜ ራሳቸው አውጥተው ይግጠሙ፤ ያን ሳያደርጉ ርክክብ የለም። ከክፍያው 10 በመቶ ለ12 ወር ይያዝ። ያ ገንዘብ የሚለቀቀው በምረቃ ፎቶ አይደለም፤ በሚቀጥለው የካቲት ከሚላክ ቪዲዮ ጋር ነው፦ ፓምፑ 30 ደቂቃ አርፎ፣ አንዲት ሴት እጀታውን ይዛ፣ ውሃው በስንተኛው ግፊት እንደወጣ ጮክ ብሎ እየተቆጠረ።